የባለቤቴ የቃሪያ መደብ

ሸዋ ሮቢት ላይ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጓሮውን የሚቆፍር ሰው ወይ ውሃ የተረፈው ነው፣ ወይ ሥራ ያጣ ነው። እኛ ውሃ አልተረፈንም። ባለቤቴን ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዶማ በግራ እጁ ይዞ ጓሮ ቆሞ አገኘሁት። ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ ታጥፎ ደረቱ ሥር ተወሽቋል። ዶማውን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል እንጂ ቆፈረ አይባልም። መሬታችን ደግሞ መረሬ፣ ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ከድንጋይ አይሻልም። ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ስለነበር እርጥቡን ልብስ እንደታቀፍኩ ቆሜ አየሁት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ቃሪያ።»

ከታመመ ወዲህ ንግግሩ ስለሚጎተት በአንድ ቃል መገላገል ይወዳል። እኔም ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አቅም አልነበረኝም። በልቤ ግን «ይኸው፣ አሁን ደግሞ ቃሪያ ላስታምም ነው» አልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያልኩት ግን እሱን ነው።

ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በላይ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ከወደብ ወደ መሀል አገር፣ ከመሀል አገር ወደ ወደብ። ለቤታችን እንግዳ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። «ልጆቹን ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ፣ አንተ ያሳደግከው ጎማ ነው» እያልኩ አሾፍበት ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ያዘው፣ ምላሱን አከበደው፣ ማስታወሱን ደግሞ እንደ ወንፊት አደረገው፤ የድሮው ሁሉ ከላይ ይቀራል፣ የዛሬው ያልፋል። ልጆቻችን አዲስ አበባ ሥራ ላይ ናቸው፤ ይደውላሉ። እኔ ከትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እየተመላለስኩ አስታምመዋለሁ።

ኅዳር ላይ ሐኪም ዘንድ ስወስደው የደብረ ሲናን ዳገት በሚኒባስ ተጨናንቀን ወጣን። ሾፌሩ ኩርባ ላይ ማርሽ ለመቀየር ሲዘገይ ባለቤቴ በደህናው እጁ ጉልበቱን ይመታል። ያን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ሐኪሙ እጁን አገላብጦ አየ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋጋ፣ ትንሽ የጎማ ኳስ ሰጠውና በየቀኑ እንዲጨምቅ አዘዘው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «የሚወደውን ሥራ ስጪው» አለኝ።

«የሚወደው መንዳት ነው» አልኩት።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

«ካልሆነ ሌላ ይፈልግ፤ ዋናው እኔ እችላለሁ ብሎ ማመኑ ነው» አለ። «ተስፋ የቆረጠ እንደሆነ እጁ እንደታጠፈ ይቀራል።» ቁልቁለቱን የወረድኩት ይህችን ቃል ይዤ ነው።

ቤት ስንገባ ግን «እኔ እችላለሁ» የሚለው ነገር እንደ አፍ ቀላል አልሆነም። «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ካልኩት ፊቱ ይጠቁራል። «ሕፃን... ነኝ?» ይላል፤ ቃሉ እስኪወጣለት የአንገቱ ሥር ይገታተራል። ያን ላለማየት ስል ዘዴ ለመድኩ። ክኒኑን ቆጥሬ እተውና ስመለስ በዓይኔ እቆጥረዋለሁ። ምድጃ ሳያጠፋ ሲተው ውሃ ልጥድ የመጣሁ መስዬ አጠፋለሁ። የውጪውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ሲረሳ ነፋሱን እረግማለሁ። ሚስትነቱ ቀርቶ የጓዳ ሰላይ ሆንኩ። ሲደክመኝ የሚደክመኝ ከሥራው አልነበረም፤ ከማስመሰሉ ነበር።

መደቡን ለመቆፈር አራት ቀን ፈጀበት። በእኛ ቆላ በበጋ መደብ ከፍ አይደረግም፤ ውሃ እንዲይዝ ጎድጎድ ተደርጎ ይቆፈራል። እሱም አጥሩን አስጠግቶ እንደ ገንዳ አጎደጎደው። ዘሩን ከማጀቴ ከመጣ ደረቅ በርበሬ አራግፎ ከአመድ ጋር አሽቶ ዘራ። በግራ እጁ ሲበትነው ግማሹ አንድ ጥግ ላይ ተከመረ። «ልርዳህ?» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዋጥኩት። ከላይ በአራት ባላ የማሽላ አገዳ ደርድሮ ጥላ ሠራለት። የዘይት ጀሪካን ክዳን በጋለ ምስማር በስቶም ማጠጫ አበጀ። የጋለውን ምስማር በምን እንደያዘው አላውቅም፤ ጣቱ ላይ ቁስል አይቻለሁ፣ አልጠየቅኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት በቀለ። ያን ቀን ከሥራ ስገባ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ነይ» ብሎ ጓሮ ወሰደኝ። እንደ ክር የቀጠነ፣ በሁለት ሁለት ቅጠል የቆመ አረንጓዴ ነገር መደቡን ሞልቶታል።

«ለፋሲካ... አበባ። ለግንቦት... ትበያለሽ... ከእጄ» አለኝ።

ከታመመ ወዲህ ከዚያ የረዘመ ንግግር ከአፉ አልሰማሁም ነበር። በዚያው ሳምንት የጎማ ኳሱን ማንም ሳያዘው ይጨምቅ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሰባት ላይ ይደክመዋል፣ ያርፍና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጓዳ ሆኜ ስሰማው ሽንኩርቱን እንደያዝኩ እቆማለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ቃሪያን የረገመች አፌ ትታሠር።

ውሃ ግን ያው ውሃ ነው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ብቅ ይላል። ሲመጣ በርሜሉንም ጀሪካኑንም ባልዲውንም ተሯሩጠን እንሞላለን። ያ ውሃ የመጠጥ ነው፣ የልብስ ነው፣ የእሱ ገላ መታጠቢያ ነው፤ አሁን ደግሞ የቃሪያ ሆነ። የሳህን እጣቢው ለፓፓያው ይሄዳል። ማታ ማታ በደብረ ሲና በኩል ደመና ይሰበሰባል፣ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያል፣ ከዚያ ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። የበልግ ደመና ያለ ነገር ነው፤ ከሩቅ ሰላም ብሎ ያልፋል።

እሱ ጠዋት አጠጣለሁ ብሎኛል። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምግብና መድኃኒት ልሰጠው በባጃጅ ብቅ እላለሁ። እንደዚያ በመጣሁበት ቀን መደቡን ሳየው አፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ከላይ ተሰነጣጥቋል። «ረሳው» አልኩ። ምን ብዬ ልጠይቀው? «ቃሪያህን አጠጣህ?» ማለት «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ከማለት ይብሳል። መድኃኒቱ የሐኪሙ ነው፤ ቃሪያው የራሱ ነው። ስለዚህ በልቶ ጋደም እስኪል ጠበቅኩና ሁለት ጣሳ ውሃ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩበት። በማግስቱም መደቡ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ፤ በማግስቱም አፈሰስኩ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ።

በየካቲት የሮቢት ፀሐይና ነፋስ ጠዋት የጠጣ መሬት ቀትር ላይ ነጭ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል? ተወልጄ ያደግኩበት አገር ነው፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን የደከመው ሰው ራስ ውስጥ የሚገባው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። የእኔ አንድ ሐሳብ «ረስቷል» የሚል ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ረመዳንም ገባ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አብረው ስለዋሉ መንደሩ ቀትር ላይ ጭር ይል ነበር። ሁሉም ከንፈሩ ደርቆ፣ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፤ ሲገናኝም «አይዞሽ»፣ «አብሽሪ» ተባብሎ ያልፋል። ባለቤቴን በሽተኛ ነው ብለው የንስሐ አባታችን ከጾሙ ነፃ አውጥተውታል። እኔ ባዶ ሆዴን የእሱን ሳህን አቀርባለሁ፣ ሲበላ አያለሁ፣ ከዚያ ጣሳዬን ይዤ ወደ ጓሮ እሾልካለሁ።

ቃሪያውም ያን ሰሞን አንገቱን ደፋ። ቅጠሉ ረገበ፣ አረንጓዴው ፈዘዘ። በእኛ አገር የጠወለገ ሁሉ የተጠማ ነው፤ ሰውም፣ ፍየልም፣ ቅጠልም። ሌላ ምክንያት አናውቅም። እሱ አመሻሽ ላይ አንድ ዙር መጨመር ጀመረ፤ ይህን እኔ ፊት ያደርገዋል። እኔ ደግሞ ከጀርባው ሁለቱን ጣሳ አራት አደረግኩት። ቃሪያው ይባስ ብሎ ጎበጠ።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሙስሊም ሴት ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። በመካከላችን አንድ ቆርቆሮ ምስማሩ ወልቆ እንደ መስኮት ይከፈታል። በበዓላቸው ሳህን ወደ እኔ፣ በበዓሌ ሳህን ወደ እሳቸው በዚያ ያልፋል፤ ሥጋው ብቻ አያልፍም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጣሳዬን ይዤ ስወጣ ያ ቆርቆሮ ገለል ብሏል። በቀዳዳው አንድ እጅ ከነሳፋው ገብቶ ውሃውን ቃሪያው ላይ ቀስ እያለ ያንቆረቁራል።

«እትዬ!» አልኩ።

ደንግጠው ሳፋውን ለቀቁት። «ውይ እታለም! ልቤን አጠፋሽው እኮ!»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ የውዱእ ውሃ ነው። ንጹሕ ነው፤ ዝም ብሎ መሬት ላይ ከሚፈስ ብዬ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሳየው አንጀቴን በላው። አንቺም ደክሞሻል፤ ወላሂ፣ ስትገቢ ስትወጪ ሳይሽ ታሳዝኚኛለሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከበቀለ ጀምሮ ነዋ። ሶላት በደረሰ ቁጥር።»

አምስት ጊዜ ማለት ነው። ጣሳዬን ከጀርባዬ ልደብቅ ብል አይተውታል። «እኔም በየቀኑ እያጠጣሁ ነበር» አልኳቸው። «እሱ የሚረሳ መስሎኝ።»

«ማን? ወንድማለም?» ዓይናቸው ፈጠጠ። «ይረሳል ትያለሽ? አንቺ ከወጣሽ ብዙም ሳይቆይ ጀሪካኑን ታቅፎ ይመጣል። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ አላህ ምስክሬ ነው። ግማሹን እግሩ ላይ ያፈሰዋል እንጂ። እኔም ምኑ ይደርሰዋል ብዬ ነው የጨመርኩበት።»

የሳፋው ውሃ ባልደረሰበት በኩል ተንበርክኬ ጣቴን መደቡ ውስጥ ሰደድኩ። ላዩ እንደ ገል ደርቋል። ከገሉ ሥር ግን ጣቴ እስከ አንጓው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ጭቃው የቆመ ውሃ ይሸታል። አንዱን ችግኝ ሳብ ሳደርገው ያለ ትግል ወጣ። ሥሩ ጠቁሯል፣ በጣቴ መሀል ሟሟ።

«አስጥመነዋል» አልኩ።

«በየካቲት?» አሉ እትዬ። «በሮቢት?»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ሦስት ሆነን አብረን ቃሪያ አሰጠምን፤ ያውም ውሃ በሌለበት አገር። ሳቅ ያዘን። እሱ እንዳይሰማ አፋችንን ይዘን፣ ሁለት ጾመኛ አጥር ለአጥር ተደግፈን እስኪያዞረን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሳቅኩበት ነገር ገባኝ። አንድ ቀን እንኳ አልረሳም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ብናቆምም ጊዜው አልፏል። በሳምንት ውስጥ አንገት አንገታቸው ቀጥኖ ጥቁር እያለ ወደቁ። በመደቡ ዳር፣ መሬቱ ትንሽ ከፍ ባለበት የበቀሉ ዘጠኝ ብቻ ቀሩ። ባለቤቴ መደቡ ራስጌ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል አገላብጦ አየው።

«ይሄ... ነው» አለ። «የነካውን... ይገድላል።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ» ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው «ለምን?» ነው፤ የለምን መልስ ደግሞ «አላመንኩህም ነበር» ነው። ወደ ቤት ገባሁ። ፈሪ ነኝ።

የጎማ ኳሱ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ፤ የሚያወጣው ጠፋ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። ገላውን ሳጥበው ቀኝ መዳፉን ለመክፈት ጣቶቹን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረብኝ፤ የሐኪሙ ቃል ዓይኔ እያየ እየደረሰ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት ወር ለውጥ ወደ ኋላ ሄደ።

እትዬን ሳማክራቸው አንድ ዘዴ ሰጡኝ። «ትል በላው በዪው። ባልና ሚስት ለማስማማት የተዋሸ ውሸት አላህም ይቅር ይላል፤ አብሽሪ።» በሐሳቡ ተስማማሁ፤ ውሸቱ አዲሴ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሜን ፈትቼ አልጋው አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ቃሪያውን እኮ ትል ነው አሉ የጨረሰው። ቆራጭ ትል» አልኩት።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ትሉ። አሳዪኝ።»

የማሳየው ትል የለ። ከዚህ በላይ ምን ልዋሽ? «እኔ ነኝ» አልኩት። «ውሃ በዝቶበት ነው የሞተው። አንተ ካጠጣህ በኋላ እኔ ተደብቄ አጠጣ ነበር። እትዬም በአጥር በኩል ያጠጡ ነበር።» እትዬን ምን አመጣቸው፤ ጥፋት ለብቻ ከባድ ሆኖብኝ ነው።

ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረ። «ስንት... ቀን?»

«በየቀኑ።»

«ረስቼ... መስሎሽ?»

«አዎ።»

«አንድ ቀን... አልረሳሁም።»

«አሁን አውቄያለሁ።»

«መኪና... በሁለት ሰው... አይነዳም» አለና ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ያኔ እኔም ተናደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ የተቀመጥኩ ሴትዮ ተነስቼ ጮህኩ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ምድጃውስ? ነድዶ ልተወው? ክኒኑስ? የውጪ በሩ ተከፍቶ ስንት ጊዜ ውሻ ጓዳ ገብቷል! ማን የሚዘጋው ይመስልሃል?» ወራት የዋጥኩት ሁሉ ወጣ።

ቀስ ብሎ በግራ ክርኑ ተደግፎ ተነሳ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም።

«ምድጃው... ምን ሆነ?» አለኝ።

አያውቅም ነበር። ያን ሁሉ ወር ነፋስ ነው፣ ውሃ ልጥድ ነው እያልኩ ስሸፍንለት፣ መርሳቱን የማያውቅ ሰው አድርጌው ኖሯል። ያልረሳውን ረሳ ብዬ አማሁት፤ የረሳውን ደግሞ ደበቅኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ምድጃውን፣ በሩን፣ ክኒኑን፣ ሁለቴ የወሰደበትንም ቀን ጭምር። አንድ ቦታ ላይ እንባው መጣ፤ በትከሻው ጠረገው። «እሺ» አለ በመጨረሻ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጓሮ ነበር። የተረፉትን ዘጠኙን ሊያዛውር ሌላ መደብ እየሠራ ነው፤ ይኼኛው ጎድጓዳ ሳይሆን ከፍ ያለ ነው። አፈሩን በመዳፉ እያለበሰ ችግኞቹን ሲተክል በቀኝ ክንዱ መሬቱን ተደግፎ ነበር፤ ያን ክንድ ለሥራ ሲጠቀምበት ከታመመ ወዲህ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ... አትንኪ» አለኝ።

«አልነካም።»

ለእትዬም ነገርኳቸው። የውዱእ ውሃቸውን ፓፓያዬ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ፤ ፓፓያው እንኳ ትልቅ ነው፣ ለራሱ ያውቃል አሉ።

የሰጠሁት ቃል የከበደኝ መጋቢት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ነው። ሥራ ስለሌለኝ ቤት ነኝ፤ የጓሮው በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። እሱ ቁርሱን በልቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልወጣም። ረስቷል ብዬ አልፈረድኩበትም፤ አንዴ ተምሬያለሁ። ሄጄ ጣቴን አዲሱ መደብ ውስጥ ሰደድኩ። እስከ አንጓው ደረቅ ነው። ይኼኛው እውነተኛ ጥማት ነው። አዲስ የተዛወረ ችግኝ ደግሞ በዚያ ፀሐይ አንድ ቀን ከዋለ ማገገሙ ያጠራጥራል።

በርሜሉ አጠገቤ ነው፤ ሙሉ ነው። ጣሳው ክዳኑ ላይ ነው። ምስሬን ለቀምኩ። አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ቅጠል ዘመመ። ተነሳሁ፣ ጣሳውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጥራው? ጠርቼው «ሕፃን ነኝ?» ቢለኝስ፣ ተመልሶ ግድግዳውን ቢያይስ? ዝም ብል ደግሞ ቃሪያው ሊሞት ነው። የለቀምኩትን ምስር መልሼ ለቀምኩ። ቀትር ላይ ምግቡን አቀረብኩለት፣ በላ፣ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ተኛ። ዘጠኙም ቅጠላቸውን ጥለዋል። እኔ ደፉ ላይ ነኝ። በዕድሜዬ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ወልጃለሁ፣ ቀብሬያለሁ፣ ሰው ተሸክሜ ዳገት ወጥቻለሁ። እንደዚያ ቅዳሜ የደከመኝ ቀን ግን የለም፤ ያደረግኩት ነገር እጄን ጭኔ ላይ አጣምሬ መቀመጥ ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ እግሩን እየጎተተ ወጣ። መደቡን አይቶ ቀጥ አለ። ጀሪካኑን ሞላ፣ ታቀፈው፣ ግማሹን እግሩ ላይ እያፈሰሰ አጠጣቸው። ሁለቱ ግንዳቸው ድረስ ደርቀዋል፤ ውሃም አይመልሳቸውም። ነቀላቸውና ይዟቸው ወደ እኔ መጣ።

«ዛሬ... አላጠጣሁም» አለ። እያየኝ ነው፤ መልስ ይፈልጋል።

ፀሐዩ ነው ልለው እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ረስተሃል።»

«ታዪ... ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ዝም... አልሽ?»

«አትንኪ ብለኸኛል።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ደፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለቱን የደረቁ ችግኞች በሁለታችን መሀል አስቀመጣቸው።

«ሌላ ጊዜ... ስረሳ... ንገሪኝ» አለኝ።

«ትቆጣለህ።»

«እቆጣለሁ» አለ። «ንገሪኝ።»